ሳይነስና አንጀት፦ ሁለት ሐኪም፣ አንድ ሕመምተኛ

ከሁሉ አስቀድሜ ሐኪም አለመሆኔን ልናገር። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ለስድስት ዓመት ያህል በራሴ ላይ የደረሰው ሲሆን፣ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ከወገኖቼ ጋር ስንጨዋወትም ታሪኩ የብዙዎቻችን መሆኑን ተረድቻለሁ። እዚህ አሜሪካ "ሳይነስ አለብኝ" የማይል አበሻ ማግኘት ይቸግራል። ሆዱን የሚያመውም ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ሆድ ማውራት ነውር ስለሚመስለን "ጨጓራዬ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

የእኔ ነገር እንዲህ ነበር። በየወሩ ግንባሬንና ጉንጮቼን ይጫነኛል፣ አፍንጫዬ ይታፈናል። ክሊኒክ ስሄድ አንቲባዮቲክ ይታዘዝልኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ወሰድኩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፤ አንድ ሳምንት ተቅማጥ፣ ሌላ ሳምንት ድርቀት። በመጨረሻ የአንጀት ሐኪም ዘንድ ቀርቤ አይ ቢ ኤስ የሚባለው የአንጀት ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ። የአንገት በላይ ሐኪሙ ስለ ሆዴ አልጠየቀኝም፤ የአንጀት ሐኪሙም ስለ አፍንጫዬ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልኩ ያደግሁት እኔም አልነገርኳቸውም።

ሁለቱ ሕመሞች የሚታወቁበት መንገድ የተለያየ ነው። ሥር የሰደደ ሳይነስ ለመባል የአፍንጫ መታፈን፣ ወፍራም ንፍጥ፣ የፊት መጫን ወይም የማሽተት መቀነስ፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ለ12 ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት አለባቸው። ይህም ብቻ አይበቃም፤ እብጠቱ ወይም መግሉ በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ አሊያም በሲቲ ስካን መታየት አለበት። አይ ቢ ኤስ በተቃራኒው በየትኛውም ፎቶ አይታይም። የሚታወቀው ከመጸዳዳት ጋር በተያያዘ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን በሚደጋገም የሆድ ቁርጠትና በሰገራ መለዋወጥ ነው። ሆኖም ሌላ በሽታ አለመሆኑን በደምና በሰገራ ምርመራ ማጣራት ተገቢ ነው፤ በተለይ አገር ቤት ደርሶ ለተመለሰ ሰው ጃርዲያ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ሲቲ ስካን ሲነሣ ሳይነሴ ባዶ ሆኖ ተገኘ! ንጹሕ። አምስት ዙር አንቲባዮቲክ የዋጥኩት ለምን ነበር? አዲሷ ሐኪም ራሴን ሲያመኝ ብርሃን ይረብሸኝ እንደሆነና ያቅለሸልሸኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አለ። ማይግሬን ነበር። በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሳይነስ ራስ ምታት አለባችሁ የተባሉ ወይም ራሳቸው እንዲያ ያሉ 2,991 ሰዎችን መርምሮ፣ ከመቶ 88ቱ የማይግሬን ዓይነት ሕመም እንዳላቸው አግኝቷል፤ እርግጥ ትኩሳትና መግል ያለባቸው በጥናቱ አልተካተቱም። የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ሲቆጣ አፍንጫን ያፍናል፣ ዓይንን ያስነባል፤ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሌላው ይልቅ አይ ቢ ኤስ ይበዛባቸዋል።

ከዚህም የተነሣ አንድ መድኃኒት ሁለቱን ሊረዳ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የቆየ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ማይግሬንን ለመከላከል ይሰጣል። በ2023 በእንግሊዝ አገር በ463 የአይ ቢ ኤስ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራም በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ሲወሰድ የአንጀቱን ሕመም እንደሚያቀል አሳይቷል። ድርቀትና እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን ለሁሉም አይሆንም።

ሳይነሱ እውነተኛ ለሆነበት ሰው ዋናው ሕክምና አንቲባዮቲክ ሳይሆን የጨው ውኃ ማጠቢያና እንደ ፍሉቲካዞን ያለ በአፍንጫ የሚነፋ ስቴሮይድ ነው። ሁለቱም አንጀትን እምብዛም አይነኩም። ስቴሮይዱ የሚሠራው በሳምንታት ስለሆነ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ብሎ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። ለማጠቢያው የቧንቧ ውኃ እንዳለ አይሁን፤ በ2011 በሉዊዚያና ሁለት ሰዎች በዚሁ መንገድ ወደ አንጎል በገባ አሜባ ሞተዋል። ውኃው ለአንድ ደቂቃ ይፍላ። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ለዕረፍት የምትሄዱ ልብ በሉ።

አንዱን ለማከም ሲባል ሌላውን የሚጎዱት ብዙ ናቸው። አንቲባዮቲክ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርሳል፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣውም ያው ነው። የሚያስተኛው የድሮው የአለርጂ ኪኒን አንጀትን ያደርቃል። አይቡፕሮፌን ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል። አፍንጫ የሚከፍተው ፈጣን ስፕሬይ ከሦስት ቀን በላይ ሲወሰድ ራሱ መልሶ ያፍናል።

ምግብን በተመለከተ በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት አመጋገብ ብዙዎችን ይረዳል፤ ለእኛ ግን መርዶ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ ሁሉም ከሚከለከሉት ወገን ናቸው። ጾም ሲገባ ሆዳቸው የሚብስባቸው ሰዎች ምክንያቱን እዚህ ሊያገኙት ይችላሉ። ደግነቱ ክልከላው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያውክ መለየት ነው። የነጭ ሽንኩርት ጎጂው ስኳር በዘይት አይሟሟም፤ ዘይት ውስጥ ጠብሶ ቁርጥራጩን ማውጣትና በዘይቱ ብቻ ማብሰል ይቻላል። ወጥ ውስጥ ግን ውኃ ስላለ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሞክሬው ተቀጥቻለሁ።

ስፕሬዩንና አመጋገቡን በአንድ ሳምንት አትጀምሩ፤ ቢሻላችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም። እኔ በደብተር ራስ ምታቱን፣ አፍንጫውን፣ ሆዱንና የዋጥኩትን ሁሉ ለሁለት ወር መዝግቤ ለሦስቱም ሐኪሞች ያንኑ ገጽ ሰጠኋቸው። በሰገራ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ከአንድ አፍንጫ ብቻ ደም ከወጣ ግን ደብተር ሳያስፈልግ ፈጥኖ መመርመር ነው። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም አንገት ከደረቀ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።