የስንቱ መቶኛ?

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ አፕቲትዩድ ላይ ብዙ ተማሪ «በኋላ እመለስበታለሁ» ብሎ ዘሎት የሚሄደው የሠንጠረዥ ጥያቄ ነው። ሳይመለስበት ሰዓት ያልቃል። እኔ ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቸሩ እሱ ነው ባይ ነኝ። ሌላው ጥያቄ የሸመደዳችሁትን አውጡ ይላል፤ ሠንጠረዥ መልሱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል።

መሠረቱን በአንድ መስመር ልጨርሰው፦ አግድም የሚሄደው ረድፍ ነው፣ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር አለ። ይህን የማያውቅ የለም። ተማሪ የሚወድቀው ሳያነብ ባለፈው ነው፤ በርዕሱ፣ በመለኪያው (በሺህ ነው? በብር ነው? በመቶኛ ነው?) እና ከሥር በደቃቅ ፊደል በተጻፈችው ማስታወሻ።

ከጎረቤቶቼ አንዷ ልጅ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። ግቢው ከነሐሴ 2014 ወዲህ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና ተብሏል፤ በኔ አፍ ግን አሁንም ፓርኩ ነው። ቀን ልብስ ትሰፋለች፣ ማታ በግል ለመፈተን ታጠናለች። አንድ እሑድ ደብተሯን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ይሄ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር ጨርሶ አይገባኝም» አለችኝ። እናንተ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ምን ይላል ስላት ሳታስብ ወረደችው፦ ሰዓት፣ ታርጌት፣ የወጣ፣ ሪጀክት (ተበላሽቶ የተጣለ)። የትኛው ሰዓት ላይ ምርት እንደሚወርድ፣ ሪጀክት መቼ እንደሚበዛ ሁሉ ታውቃለች። «ታዲያ ይሄ ሠንጠረዥ አይደለም?» ብላት፣ «አቦ! ያ እኮ ሥራ ነው፣ ይሄ ፈተና ነው!»

አንድ ጥያቄ አወጣሁላት። አንዱ ላይን 400 ሰፍቶ 20 ሪጀክት ወጣበት እንበል፤ ሌላው 250 ሰፍቶ 15። የባሰው የቱ ነው? «ሁለተኛው ነዋ» አለች፣ እስክሪብቶም አላነሳች። 5 በመቶና 6 በመቶ መሆኑን በቁጥር አላሰላችውም፤ 15ቱን ከስንት መሃል እንደወጣ አይታ ነው የፈረደችው። ስንቱ ዲግሪ ያለው ሰው 20 ከ15 ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል!

እኔን ዘወትር የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰው መቶኛ ሲሰማ የስንቱ መቶኛ እንደሆነ አይጠይቅም። ለዚህ ከራሱ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም፦

የፈተና ዓመት | የተፈተኑ | 50 በመቶና በላይ ያመጡ | መቶኛ
2014 | 896,520 | 29,909 | 3.3
2015 | 845,188 | 27,267 | 3.2
2016 | 674,823 | 36,409 | 5.4
2017 | 585,882 | 48,929 | 8.4

መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ እዩ። ከ3.2 ወደ 5.4 ሲወጣ «በ2.2 በመቶ አደገ» የሚል አይጠፋም። ስሕተት ነው። ያደገው በ2.2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከነበረበት አንፃር ከታየ ጭማሪው ወደ 69 በመቶ ይጠጋል። ፈታኞች ይህችን ልዩነት ይወዷታል፤ ከምርጫዎቹ መሃል 2.2 በመቶ የምትል አትጠፋም፣ የቸኮለውም እሷኑ ያጠቁራል።

አሁን ወደ ልጆቹ ቁጥር ተሻገሩ። ከ27,267 ወደ 36,409፣ ጭማሪው 9,142 ነው፤ አንድ ሦስተኛ ገደማ። እንግዲህ መቶኛው በ69 በመቶ ሲያድግ ያለፉት ልጆች በ34 በመቶ ብቻ እንዴት ጨመሩ? መልሱ ማንም በማያያት በሁለተኛዋ ዓምድ ላይ ተቀምጧል። የተፈታኙ ቁጥር ባንድ ዓመት በ170,365 ቀንሷል፤ ከአምስት አንዱ ቀረ ማለት ነው። አካፋዩ ሲያንስ መቶኛው ብቻውን ይወጣል። ይህን ስል የልጆቹን ውጤት ማቃለሌ አይደለም፣ ያለፉት በእርግጥ በዝተዋል። ግን የዕድገቱ ግማሽ ያህል ከየት እንደመጣ ሁለተኛዋን ዓምድ ያላየ ሰው አያውቅም።

ከዚሁ ሠንጠረዥ ሦስት ጥያቄ ላውጣ። ያለፉት ልጆች ቁጥር በብዛት የጨመረው መቼ ነው? ከ2016 ወደ 2017፣ በ12,520። መቶኛው በነጥብ ይበልጥ የወጣውስ? አሁንም ያኔ፣ በ3 ነጥብ። መቶኛው ከነበረበት አንፃር በፍጥነት ያደገውስ? እዚህ ላይ መልሱ ተገልብጦ ከ2015 ወደ 2016 ይሆናል። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የጥያቄው አንድ ሐረግ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄውን ሳታነቡ ሠንጠረዡ ላይ አትፍጠጡ የምለው።

ከሥር የምትጻፈው ማስታወሻም የራሷ ጉድ አላት። የ2014 ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው የተፈተኑት በጥቅምት 2015 ነው፤ የ2015ቱ ደግሞ በሐምሌ 2015። «በ2015 ዓመተ ምሕረት ስንት ተማሪ ለፈተና ተቀመጠ?» ቢባል ሁለቱንም ረድፍ መደመር ሊኖርባችሁ ነው! በውጭ የታተመ ሠንጠረዥ ላይ እነዚሁ ፈተናዎች 2022 እና 2023 ተብለው ይመጣሉ። በጀት ዓመት የሚል ርዕስ ካለ ደግሞ ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም ሳይሆን በሐምሌ ነው። በፋብሪካም ቢሆን ሰሌዳው ላይ 2፡00 ሲል በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ሳይጠይቁ ሥራ መግባት ጣጣ ያመጣል።

ካልኩሌተር አዳራሽ ስለማይገባ ስለ ፍጥነት ትንሽ ልበል። ምርጫዎቹ ከተራራቁ በትክክል አታስሉ። 27,267 እና 36,409 ያልኳችሁን 27 እና 36 አድርጓቸው፤ 9 ለ27፣ አንድ ሦስተኛ። 33.5 ለማግኘት ገጽ ሙሉ የሚያካፍል ተማሪ አውቃለሁ፤ ምርጫዎቹ ግን 12፣ 34፣ 58 እና 75 ነበሩ።

ጊዜ ከተረፈ ድምሩን መፈተሽ ነው። ይህን ልማድ ቀድመው ያወቁት የአጽዋማትና የበዓላትን ቀን የሚያሰሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ናቸው። የ2017ን ብንወስድ 5500 ሲደመርበት 7517፣ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 11። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ በየዓመቱ 30 ናቸው፤ ካልሆኑ ያሰላው ወይም የገለበጠው ተሳስቷል። የኛም ከተማ ቁጥር እንዲሁ ይፈተሻል፦ በ1999 ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834፣ ወንድ 171,461፣ ሴት 170,373። ደምሩት፣ ይገጥማል። ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ ከተሜ ናቸው፤ የገጠሩን ሠንጠረዡ ባይጽፍም በመቀነስ 108,610 ታገኛላችሁ። «አልተሰጠም» ብላችሁ አትዝለሉት።

መምህራን፣ ለልምምድ ከውጭ መጽሐፍ የማያውቁትን ከተማ ዝናብ እየገለበጣችሁ ለልጆች አታምጡ። ቆጠራው አለ፣ የፈተናው ውጤት አለ፣ የፋብሪካው ሰሌዳ አለ። የሚቀጥለው ዓመት ውጤት ሲነገር ደግሞ መቶኛውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስንት ልጅ እንደተፈተነ ጠይቁና ከላይ ባለው ሠንጠረዥ አምስተኛ ረድፍ አድርጋችሁ ጻፉት።