የልጅ እጅና የገንዘብ አደራ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣው አስፋልት መርሳን ለሁለት ከፍሏት በሚያልፍበት፣ ማንጎውና ፓፓያው ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ መንገደኛውን በሚያቆምበት በአንድ የገበያ ዕለት፣ ከአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ መልስ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ዐሥራ አንድ ዓመት ለሚሆነው ልጇ ስትሰጠው አየሁ። ልጁ ከባንክ የመጣውን መልእክት በለሆሳስ ካነበበ በኋላ፣ ታላቅ እኅቱ ከሳዑዲ ዐረቢያ የላከችው ስንት እንደ ሆነ፣ ካለፈው ወጪ ተደርጎ ስንት እንደ ቀረ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ነገራት። እናቲቱም ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያ ስንቱን እናውጣ?» ስትል ጠየቀችው። «የማዳበሪያው እስኪከፈል ሌላውን አንነካም፤ ዘይትና ስኳር ብቻ እንግዛ» አላት፤ እርስዋም እንዳለው አደረገች።

ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ከልቡናዬ አልወጣም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» በሚባልበት አገር፣ የቤቱ እራት በልጅ ንባብና በልጅ ምክር ሲወሰን ማየት፣ ልጆችን ስለ ገንዘብ እናስተምር ወይስ አናስተምር እያሉ መከራከር ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ያስረዳል። ገንዘቡ አስቀድሞ በእጃቸው ገብቷል፤ ቀሪው ጥያቄ፣ ሳያስተምራቸው አደራውን የጣለባቸው ትውልድ ምን ዕዳ አለበት የሚለው ብቻ ነው።

መርሳ የምትገኝበት ሀብሩ ወረዳ ማሽላና ጤፍ ከሚያበቅለው እርሻው ሌላ፣ በጊራና ወንዝ መስኖ የሚለማ አትክልትና ፍራፍሬ ያለው፣ የስሪንቃን የግብርና ምርምር ማእከል በጉያው የያዘ፣ ከሰሜን ወሎ ዞን ርእሰ ከተማ ከወልድያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ስለ ሆነ፣ ጥሬ ገንዘብ ከቤት ቤት የሚዘዋወርበት ምድር ነው። ከዚህም በላይ ወጣቶቹ በአፋር በረሃና በጅቡቲ ባሕር ዳር አድርገው ወደ ዐረብ አገር ሲሰደዱ የኖሩ በመሆናቸው፣ ከባሕር ማዶ በሚላከው ብር የተሠራው ቆርቆሮ ቤት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ በመለሰች ጊዜ፣ ለዓመታት የላኩት ገንዘብ በቤተ ሰቡ እጅ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ አጥጋቢ መልስ ያጡ ተመላሾች ጥቂት አልነበሩም። ላኪዋ እኅት ሠርታ ላከች፤ ተቀባዩ ቤት ግን ገንዘብን የመቀበል እንጂ የማስተዳደር ትምህርት አልተማረም ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ስመረምር ወደ ኋላ ሄጄ ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት ይልቅ የሚያስደንቅ ሆነብኝ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው ምድር ላይ በነበረው በአንጎት አገር ሲያልፍ፣ ብረትና ጨው እንደ ገንዘብ ሆነው ሲያገበያዩ አይቶ ጽፏል፤ ጨውም ከሚቈረጥበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ልብ ብሎ መዝግቧል። አሞሌ የሚባለው ይህ ጨው ከአፋር ምድረ በዳ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ከተሰበረ ዋጋው ይቀንሳል፤ ዝናም ካገኘው ይሟሟል። ስለዚህ ያን ገንዘብ ከዝናም የማያስጠጋ፣ እንዳይሰበር በጥንቃቄ የሚያነሣና የሚያኖር ልጅ፣ ማንም ሳይሰብከው፣ ሀብት በቸልታ የሚጠፋ ነገር መሆኑን በገዛ እጁ ይማር ነበር።

ከአሞሌውም ጋራ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበትና ከሞተችበት ከ1780 በኋላም ያችኑ የአውሮፓ ዓመተ ምሕረት ይዞ ሲመታ የኖረው ማርትሬዛ በገበያው ነገሠ፤ ቀጥሎም 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት የዳግማዊ ምኒልክ ብር ወጣ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ታትሞ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ተካ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የአንድ ሕዝብ ብልጽግና ከዕውቀቱና ከሥራው ጋራ የተያያዘ መሆኑን በአማርኛ ሲያስረዱ፣ ለዚህ ሁሉ ለውጥ የሚበቃ ትምህርት እንደሚያስፈልግ አስቀድመው አይተው ነበር። ገንዘቡ ግን ከጨው ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወረቀት፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ወደ ስልክ ሲዛወር፣ የልጆች ትምህርት እግሩን አሳጥሮ ወደ ኋላ ቀረ።

በገጠሩ ግን አንድ የቆየ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ለልጁ አንዲት ጫጩት ወይም አንዲት ግልገል ትሰጠዋለች፤ ያንተ ናት ይባላል፤ ስትታመም ያስታምማል፤ ስትወልድ ውላጁን ይቈጥራል፤ ለገበያ ስትወጣም የዋጋውን ነገር ከአባቱ ጋራ ቆሞ ይሰማል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ብሂል እንዲህ ያለው ልጅ በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

ሁለቱ የወሎ ሃይማኖቶችም በዚህ ነገር ዝም አላሉም። በወንጌሉ የመክሊት ምሳሌ፣ የተሰጠውን መክሊት ቀብሮ ያቆየው አገልጋይ ምንም ሳያጐድል ቢመልስ እንኳ ከወቀሳ አላመለጠም፤ በቁርኣንም በሱረቱ ኒሳእ፣ የቲሞችን ለአቅመ አዳም እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ማስተዋልን ባዩባቸውም ጊዜ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው አሳዳጊዎች ታዝዘዋል። ሁለቱም ትምህርቶች የሚስማሙበት ምሥጢር፣ ገንዘብን መጠበቅ ብቻውን ምግባር አለመሆኑና ማስተዋል በፈተና የሚገኝ መሆኑ ነው።

በመርሳ ገበያ እህል የሚነግዱ አንዲት አሮጊት፣ ልጃቸው ዐረብ አገር ስላለች የልጅ ልጃቸውን እርሳቸው የሚያሳድጉ፣ ይህን ምሥጢር ከማንም ሊቅ አብልጠው ነገሩኝ፤ ስለዚህ ቃላቸውን ሳላሳጥር አቀርባለሁ።

«ልጄ፣ አባቴ እኮ ቈጣቢ ሰው ነበር። በስድሳ ስድስቱ ረኃብ እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ሁለት በሬ ነበረን። ዝናም ይመጣል፣ ዝናም ይመጣል ሲል በሬዎቹን ያዘ። ኋላ ሁሉም ሰው ከብቱን ይዞ ገበያ ወጣ፤ ያን ጊዜ በሬው የአንድ ቁና እህል ዋጋ አጣ። አባቴን የጐዳው አባካኝነት አይደለም፤ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። እኔ ለዚህ ልጅ ያዝ፣ ያዝ ብቻ አልለውም። መያዝንስ አይጥም ታውቃለች።»

አሮጊቷ የተናገሩትን የዓለም ሊቃውንት ደርሰውበታል። የኢኮኖሚው ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሮ፣ የሕዝቡ መከራ ከእህል እጥረት ይልቅ የመግዛት ዐቅም ከማጣት፣ ይልቁንም የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይወደድ የከብት ዋጋ ከመውደቁ ጋራ የተያያዘ እንደ ነበረ ጽፏል።

የልጅ ልጃቸውን እንዴት እንደሚያስተምሩ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ ከማሽላው ጆንያ ኋላ የተጣጠፈ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ ጽሕፈቱ የልጁ ነው። በአንዱ ገጽ ላይ «30 እንቁላል በ12፣ 360 የአያቴ» የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ «5 ተሰበረ፤ 25 በ15፣ 375» ይላል፤ ከቀለሙም ላይ የደረቀ የእንቁላል አስኳል እድፍ ይታያል።

«ያን ቀን እያለቀሰ መጣ» አሉኝ። «ከሰርሁ፣ ከሰርሁ ይላል። ተቀመጥ አልሁት። ብሩን ቍጠረው አልሁት። ሦስት መቶ ስድሳዬን መልስልኝ አልሁት፤ መለሰ። እጅህ ላይ ምን ቀረ? ዐሥራ አምስት። ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? አተረፍህ እኮ! ግን ቅርጫቱን አጥብቀህ አስረህ ቢሆን ዘጠና ነበር። ወላሂ፣ የተሰበረውን አንዱን እንኳ አልተካሁለትም። እናቱ በስልክ ሰምታ ጨከንሽበት አለችኝ። ልጄ፣ እኔ ዛሬ ብጨክን ነው ነገ ደላላ የማይጨክንበት።»

በሚቀጥለው ገጽ ልጁ ለቅርጫቱ ገለባ ማስገባቱን ጽፏል፤ የተሰበረም የለም።

ትምህርት ቤቱ ከዚህ ደብተር ምን ያህል እንደሚርቅ በወልድያ የሚያስተምሩ አንድ የሒሳብ መምህር አጫወቱኝ። «ትርፍና ኪሳራ፣ ወለድና ፐርሰንት በመጽሐፉ አለ፤ ተማሪዎቼም በትክክል ያሰላሉ። ነገር ግን ከስሌቱ ውስጥ የራሳቸው የሆነ አንድ ብር እንኳ የለም» አሉኝ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ከትምህርት ገበታ የሚለዩት የገጠር ልጆች ግን ስሙን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። በዚህ ላይ ምን የታሰበ ነገር እንዳለ ለመጠየቅ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ወደተባሉ አንድ ኃላፊ ዘንድ ብገባ፣ ደብዳቤ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ፤ ደብዳቤውን ይዤ በተመለስሁ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ከዚያም ወዲህ መልስ አላገኘሁም።

የቁጠባ ትምህርት በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በቤልጅግ አገር በጌንት ከተማ ፍራንስዋ ሎራን የተባለ የሕግ መምህር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1866 ጀምሮ የትምህርት ቤት ቁጠባን አስፋፋ፤ በዚያው አቆጣጠር በ1924 በሚላኖ የተሰበሰቡ የቁጠባ ባንኮችም ኦክቶበር 31ን፣ በእኛ ጥቅምት 21ን፣ የዓለም የቁጠባ ቀን እንዲሆን ወሰኑ። በእኛም አገር ባንኮች ለሕፃናት የቁጠባ ደብተር ይከፍታሉ፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ቁጠባን እስከ ገጠር ቀበሌ አድርሷል። ነገር ግን በብዙው ቤት የልጁ ደብተር በወላጅ ሣጥን ተቈልፎ ይኖራል፤ ልጁ ስሙ እንደ ተጻፈበት እንጂ ምን እንዳለበት አያውቅም። ማጠራቀምን አስተምረን መወሰንን ነፍገነዋል።

ደግሞም ሐቁን መሸሸግ አይገባም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት በተያዘች ጊዜ ባንኮች ተዘግተው፣ በደብተር ያለው ብር ለዳቦ ሳይሆን ቀረ፤ ብር ለማጠራቀም የተጉ ልጆችም የኑሮ ውድነት የያዙትን ሲበላባቸው አይተዋል። አንድ የወልድያ አባት፣ «ቈጥብ ስለው፣ ባለፈው ዓመት ጫማ ይገዛ የነበረው ብሬ ዘንድሮ ካልሲ አይገዛም ይለኛል፤ ምን ልመልስለት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ፣ ልጁ የተናገረው እውነት ስለ ሆነ፣ ያንኑ እውነት ትምህርት ማድረግ ነው፤ የቱ በብር፣ የቱ በእህል፣ የቱ በበግ፣ የቱስ በዕውቀት መኖር እንዳለበት ከልጁ ጋራ መምከር ነው።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሚመጣውን ከተሞቻችን አሳይተውናል። የውርርድ ቤቶች ደጃፍ በወጣት ተጨናንቆ ታይቷል፤ የስደት ደላላው ከመንደር መንደር ይዞራል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር አሠራር በተበላሸባት ሌሊት፣ የእነርሱ ያልሆነውን ገንዘብ ካወጡት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እነዚያ ወጣቶች ስሌት አላነሣቸውም፤ ያነሣቸው አደራ ነው፤ አደራም በአንድ ሌሊት የሚጠና ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ትምህርት ቤቱ እስኪነቃ፣ ኃላፊውም ከስብሰባ እስኪወጡ ድረስ በቤትዎ የሚጀመር ሥራ አለ። ደመወዙ ወይም የእህሉ ዋጋ እጅዎ ሲገባ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ወጪውን በፊቱ ይቍጠሩ፤ ቢጐድልም አይሸሽጉት። ቢጠፋ ቤት የማያፈርስ ጥቂት ብር በአደራ ይስጡት፤ ሲያጠፋ አይተኩለት፤ ሲያተርፍ አይውሰዱበት፤ በሳምንቱ ግን ሒሳቡን ሳይረሱ ይጠይቁት።