የቆመ ባቡር መንገዱን ለማን ይተዋል?

በአዊ ምድር የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። ታዲያ ባቡር ስለ ተወው መንገድ ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ማውራት ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነውና ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ወደ አዊ የምንመለሰው በድሬዳዋ በኩል ዞረን ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የተጀመረው የቀድሞው የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ግን አስቸጋሪ ስለ ሆነ መሐንዲሶቹ በግርጌው አለፉ፤ በዚያም ቀድሞ «አዲስ ሐረር» የተባለችው፣ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ተቈረቈረች። እንግዲህ አንዲት ታላቅ ከተማ የተወለደችው ባቡር ዳገት ስለሚፈራ ነው።

የሚፈራበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው ነገር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በሜዳ ከባድ ጭነት በቀላሉ ይጐትታል፤ ዳገት ሲያገኝ ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሱ በየመቶው ሜትር ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በላይ እንዳይወጣ ሲል ኰረብታውን ይቈርጣል፣ ሸለቆውን በአፈር ይሞላል፣ ወንዙን በድልድይ ይሻገራል፣ የቀረውን በሰፊ ኩርባ ይዞረዋል። ባቡሩ ሲቀር ይህ ሁሉ ድካም በመሬቱ ላይ ይቀራል። ለባቡር የለዘበው ዳገት ለቢሲክሌት ነጂም የለዘበ ነው፤ በመቶ ሜትር ስምንት ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ወርዶ የሚገፋ ተማሪ፣ ሁለት ሜትር በሚወጣው ላይ እያፏጨ ያልፋል።

ይህን አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ነው። በኤልሮይና በስፓርታ ከተሞች መካከል ባቡር የተወውን 51 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ገዝቶ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አልብሶ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1967 ለቢሲክሌት ከፈተው፤ በመስመሩም ላይ ሦስት ዋሻዎች አሉ። እስፓኝም ከ1993 ወዲህ «አረንጓዴ መንገዶች» በሚል ስም ከ2,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የቆመ መስመር እንዲሁ አድርጋለች። የመንግሥት ሠራተኛን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ግን በ1983 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ይመስለኛል። በዚህ ሕግ መሠረት የቆመ መስመር መሬቱ ሳይቈራረስ የእግረኛና የቢሲክሌት መንገድ ሆኖ ይቈያል፤ ባቡር እንደ ገና ያስፈለገ ቀን ይመለስበታል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን መሬት ዋጋው በመቀጠሉ ነውና፣ መካከሉ ላይ አንድ ቤት ከተሠራ ሁለት የማይረቡ ቍራጮች ይሆናል።

በአገራችን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በራሱ መስመር ሄደ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መስመር ከዚያም በፊት ጸጥ ብሎ ነበር። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ፣ በተወሰኑ ቀናት አንዳንድ ጐዳናዎችን ለመኪና እየዘጋች ለእግረኛና ለቢሲክሌት ለቀቀች። መልካም አደረገች። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ መኪና የሚሄድበትን ጐዳና ለጥቂት ሰዓት ለመዝጋት ስንደክም፣ መኪና ያልገባበት መስመር እዚያው ከተማ ውስጥ መተኛቱ ነው። በእርግጥ መስመሩን በሙሉ ለቢሲክሌት ማለት ሕልም ነው፤ ከአዋሽ በታች ያለውን ቈላ ማንም በፔዳል አያቋርጠውም፤ ከብት የሚነዳበትም ሕዝብ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አጠገብ ያለው ክፍል ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አሁን ወደ አዊ እንመለስ። ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ዳንግላ በሚደርሰው አስፋልት ላይ አውቶቡሱ፣ ከሰል የጫነው መኪና፣ ጋሪው፣ ገበያተኛውና ተማሪው ይጋፋሉ። አገሩ የፈረሰኛ አገር ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ለፈረሱ ሜዳ የሚለቅ ሕዝብ ለልጁ ቢሲክሌት መንገድ መልቀቅ አይከብደውም። ሐዲድ ባይኖርም፣ መንገድ ሲቃና የሚተወው አሮጌ ኩርባና ሌላ መኪና የማይሄድበት የጠጠር መንገድ ለዚሁ ይሆናል።

የሚጠፋውም እንደ ሐዲዱ መሬት ነው፤ በአንድ ትልቅ ውሳኔ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በጥቂት ካሬ ሜትር፣ በጥቂት ካሬ ሜትር። ማመልከቻው ሕጋዊ ነው፣ አመልካቹም ቦታ የቸገረው ነው፤ የሚፈርመውም ሠራተኛ ምንም ስሕተት አልሠራም። ከእሱ በኋላ የሚፈርሙት ዐሥሩም እንዲሁ። ስለዚህ እናንተ በዚያ ጠረጴዛ የተቀመጣችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የቍራጩን ብቻ ሳይሆን የመስመሩን ሙሉ ካርታ አስቀርቡ፤ ቢቻል በእግራችሁ ሂዱበት። ሁለት ቢሲክሌት ለሚተላለፍበት ሦስት ሜትር ስፋት ይበቃል፤ በግራና በቀኝ ግን ለውሃ መውረጃ ቦይ የሚሆን ቦታ ይጨመር። በእንጅባራ ክረምት ቦይ የሌለው የጠጠር መንገድ እስከ መስቀል አይቈይምና፣ ከጠጠሩ በፊት ቦይው ይቈፈር።