ከበረባሶ የተነሳ ንግድ

ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. «ሶልሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት የመሠረተችው አዲስ አበባ፣ ተወልዳ ባደገችበት ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ ለአገሬው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ጥጥ ፈትሎ በእጅ መሸመንም እንዲሁ። አዲሱ ነገር ሁለቱን አገናኝቶ ለውጭ ገበያ ማቅረቡ ነበር። ሥራ ፈጠራ ሲባል ያልነበረ ዕቃ መፈልሰፍ ብቻ ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በሰፈር ያለን ሙያ ከማያውቀው ገዢ ጋር ማገናኘት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት በአንጻሩ ቀላሉ ክፍል ነው (ወረፋው ቢያሰለችም)። ብዙ ጀማሪዎችን የሚፈትነው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። አንድ ጫማ ሠሪ ለቆዳ፣ ለማስቲሽና ለደመወዝ ዛሬ 60,000 ብር አወጣ እንበል፤ ገዢው 75,000 ብር የሚከፍለው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። በሒሳብ መዝገቡ 15,000 ብር አትርፏል፤ እጁ ላይ ግን የመጪው ወር የሱቅ ኪራይ እንኳ የለም። ስለዚህ ከገዢው ቀብድ ይጠይቃል፣ ከቆዳ ነጋዴው በዱቤ ይወስዳል፣ ወይም የዕቁብ ዕጣው እንዲቀድምለት ይደራደራል።