በየትኛው መደርደሪያ?

(የሲንተሳይዘር ድምፅ ይገባል፤ ከበሮ ይከተላል፤ ሙዚቃው ከተራኪው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ጊዜው የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦታው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ያለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ቨርጂኒያ ቢች። ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ ቤተሰብ ማታ ማታ ተሰብስቦ የቴሌቪዥን ዜና ይከታተላል። አባት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የኢኮኖሚክስ መምህር ናቸው። በቤቱ ሙዚቃ ከተከፈተ ደግሞ የሚከፈተው ኬኒ ሮጀርስ ነው። አባት «ዘ ጋምብለር»ን የሚወዱት ዘፈኑ ቁም ነገር ስላለው ነበር። በዚህ የአገራችን አድማጭ የሚገረም አይመስለንም። ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊሊያምስና ዶሊ ፓርተን በአዲስ አበባ ታክሲዎች ውስጥ እንደ ቤተ ዘመድ ሲቆጠሩ ኖረዋል።

የዚያ ቤት ልጅ ኬና ዘመድኩን ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ነው ወደ አሜሪካ የተሻገረው፤ መጀመሪያ ወደ ሲንሲናቲ፣ በኋላም ወደ ቨርጂኒያ ቢች። የልጅነት ሐሳቡ ሙዚቃ ሳይሆን ስኬትቦርድ ነበር። ጓሮ ውስጥ የሚንሸራተትበትን ተዳፋት ሠርቶ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይጫወታል። አንድ ቀን ጎረቤትየው ወደ መኝታ ክፍሉ ያስገባዋል። ግድግዳው ኬና ሰምቷቸው በማያውቅ ባንዶች ፎቶ ተሸፍኗል። ልጁ ከዚያ አንድ ካሴት አንሥቶ ሰጠው፤ የአየርላንዱ ዩ ቱ ባንድ «ዘ ጆሹዋ ትሪ»። ኬና ያን ካሴት እያመላለሰ ከመስማቱ ብዛት አበላሸው። ያኔ ዕድሜው አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ቢሆን ነው።

(ጊታር ከሩቅ እየቀረበ ይሰማል)

ካሴቱ ከኬና ትውልድ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለው። በ1985 የዩ ቱ ድምፃዊ ቦኖና ባለቤቱ አሊ ወሎ ውስጥ አጅባር በሚገኝ የረሃብ ተጎጂዎች መጠለያ በበጎ ፈቃደኝነት ሠርተዋል፤ የቆዩት አንድ ወር ገደማ ነው። በ1987 የወጣውን «ዘ ጆሹዋ ትሪ» የሚከፍተውን ዘፈን ግጥም መጫር የጀመረውም ኢትዮጵያ ገጠር ሳለ እንደሆነ ቦኖ ኋላ ተናግሯል። ወሎ ላይ የተጫረ ሐሳብ በደብሊን ስቱዲዮ አልፎ፣ በካሴት ታትሞ፣ ቨርጂኒያ ከሚገኝ የጎረቤት መኝታ ክፍል ወጥቶ የአዲስ አበባ ልጅ እጅ ገባ። ኬና ይህን በዚያ ዕድሜው ሊያውቅ አይችልም። ካሴቱን የወደደው ለድምፁ ነው።

ከዚያ በኋላ ፒያኖ ያለ አስተማሪ ተማረ። ድምፁን ለመግራት ስቲቪ ዎንደርንና ማርቪን ጌይን አዳመጠ። አንድ ጊዜ ለተሰጥኦ ውድድር ይመዘገባል፤ በማጣሪያው ቀን ፒያኖ ነበረ፣ በውድድሩ ቀን ግን መድረኩ ላይ የለም። ልጁ አልተመለሰም፤ ያለ ምንም መሣሪያ በባዶ ድምፁ ዘፈነ። በኋላ ገንዘብ ለቃቅሞ ስቱዲዮ ተከራየና የራሱን ድርሰት ለናሙና ቀዳ።

ያደገበት አካባቢ ለዚህ አመቺ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አቀናባሪው ቴዲ ራይሊ ስቱዲዮውን ቨርጂኒያ ቢች ከፍቷል። ቲምባላንድና ሚሲ ኤሊየት የወጡት ከዚያው አካባቢ ነው፤ ፋረል ዊሊያምስና ቻድ ሁጎም እንዲሁ። ኋላ «ዘ ኔፕቹንስ» ተብለው የአሜሪካን ሬዲዮ ያጥለቀለቁት ሁለቱ ልጆች ማለት ናቸው። ከሁለቱ ዝምተኛው ቻድ ሁጎ የኬና የልጅነት ወዳጅ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሙንም ያቀናበረለት እሱ ነው።

አልበሙ «ኒው ሴክሪድ ካው» ይባላል። የከበሮው አመታት ከሂፕ ሆፕ ሠፈር የመጣ ነው። ኪቦርዱ ግን የ1980ዎቹን እንግሊዝ፣ እነ ዲፔሽ ሞድንና ዱራን ዱራንን ያስታውሳል። በላዩ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ የሚለምን የሚመስል ድምፅ አለ፤ እዚያ ውስጥ ጎረቤትየው የሰጠው ካሴት ይሰማል። ሙዚቃው ሮክ ነው ብንል ጊታር የሚፈልግ ሰው ቅር ይለዋል። ኤሌክትሮኒክ ነው ብንል ደግሞ ዘፈኖቹ የተሠሩት ፒያኖ ሥር ተቀምጦ ግጥምና ዜማ እንደሚጽፍ ሰው ነው። ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚከማችባቸው ቦታዎችም የኬና ሥራ አንዴ አማራጭ ሮክ ውስጥ፣ አንዴ ኤሌክትሮኒክ ውስጥ፣ አንዴም «ያልተመደበ» ከሚለው ክፍል ይገኝ ነበር። እሱን የሚያናድደው አር ኤንድ ቢ ሲሉት ነበር። ዘፈኑን ሳይሰሙ የቆዳዬን ቀለም ብቻ አይተው ነው የሚል ቅሬታ ነበረው።

(ሙዚቃ፤ ዝምታ)

ታሪኩ እዚህ ላይ እንቆቅልሽ ይሆናል። አልበሙ ገና ሳይወጣ ናሙናው የአትላንቲክ የሙዚቃ ኩባንያ አለቃ ከነበረው ክሬግ ካልማን እጅ ገባ። በየሳምንቱ ከመቶ በላይ ዘፈን የሚደርሰው ይህ ሰው የኬናን ሲሰማ ክው አለ። የሮክ ባንዱ የሊምፕ ቢዝኪት ድምፃዊ ፍሬድ ደርስት አንድ ዘፈን በስልክ ቢያሰሙት ልጁን አስፈርሙልኝ አለ። የዩ ቱ ሥራ አስኪያጅ ፖል ማጊነስ ወደ አየርላንድ ጠራው። «ሄል ቤንት» ለተባለው ዘፈን ክሊፕ የሚሆን ገንዘብ እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ማርክ ኦዝቦርን ለኦስካር ታጭቶበት የነበረው «ሞር» የተሰኘ የአሻንጉሊት አኒሜሽን ፊልም ለዘፈኑ እንዲስማማ ተቆራርጦ ተቀጠለ። ይኸው ኦዝቦርን ከዓመታት በኋላ «ኩንግ ፉ ፓንዳ»ን ከመሩት ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ ሆኗል። ኬና ክሊፑን ራሱ ይዞ ኤም ቲ ቪ ቱ ሄደ። ትልልቅ ኩባንያዎች መቶ ሁለት መቶ ጊዜ ቢታይልን ብለው ብዙ ገንዘብ በሚያፈሱበት ጣቢያ፣ የእሱ ክሊፕ 475 ጊዜ ታየ።

ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ሮክሲ ክለብ ለነገ ትጫወታለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ኬና ወሬውን ዋዜማው ላይ አመሻሽ በድረ ገጹ ለጠፈ። መቶ ሰው ቢመጣ ብሎ ነበር። በማግሥቱ ክለቡ ሞልቶ ሰው ከበር ይመለስ ጀመር፤ ፊት የቆሙት ደግሞ ግጥሙን በቃላቸው ያዜሙታል።

እንግዲህ ባለሙያው ወደደው፣ መድረኩም ሞላ። የቀረው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ግን አላስገባውም።

ምክንያቱን ለመረዳት ያኔ የነበረውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት የሚገድበውን አንቀጽ ሻረ። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ባለቤት ሆነ። የትኛው ዘፈን ይተላለፍ የሚለውን የሚወስነውም ከሠፈሩ አዘጋጅ ጆሮ ይልቅ የገበያ ጥናት ሆነ። ሰዎች የዘፈን ቁራጭ፣ አንዳንዴም በስልክ፣ ይሰሙና ነጥብ ይሰጣሉ። የኬና ዘፈኖች በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ ውጤታቸው እጅግ ዝቅተኛ ሆነ። አልበሙ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል የወጣው በ2003 ነው።

(ሽግግር ሙዚቃ)

በ2005 ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌል «ብሊንክ» የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። ከምዕራፎቹ አንዱ የተሰየመው በኬና ነው፤ ከላይ የነገርናችሁም አብዛኛው ከዚያ የተገኘ ነው። ዛሬ ኬናን ከዘፈኑ ይልቅ በዚያ ምዕራፍ የሚያውቀው ሰው ሳይበዛ አይቀርም። ይህ ለአንድ ዘፋኝ ደስ የሚል ዝና መሆኑ ያጠራጥራል።

ግላድዌል ያመጣው ማስረጃ የኮካ ኮላና የፔፕሲ ፉክክር ነው። ሰው አንድ ጉንጭ ብቻ እንዲቀምስ ሲደረግ የጣፈጠውን ፔፕሲን ይመርጣል፤ ሙሉ ጠርሙስ ቤቱ ወስዶ ሲጠጣ ግን ያ ጣፋጭነት ይሰለቸዋል። ኮካ ኮላ የጉንጩን ፈተና አምኖ በ1985 ቀመሩን ቀየረ፤ ሕዝቡ ቢነሣበት ሦስት ወር ሳይሞላ የድሮውን መለሰ። ኬናንም እንዲሁ በአንድ ጉንጭ ፈረዱበት ነው የግላድዌል ሐሳብ። ሮክሲ ያሉት አድማጮች ድምፁን፣ ሁኔታውን፣ ሙሉ ዘፈኑን አይተዋል። ስልክ ላይ ያለው ሰው የማያውቀው ነገር ቁራጭ ነው የደረሰው። ለጆሮ አዲስ የሆነን ነገር ሰው መጀመሪያ «አልወደድኩትም» ይላል፣ አለመልመዱን አለመውደድ ይመስለዋልና።

ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ግን ያነሰ ይመስለናል። ጥናቱ ቁራጭ ከማሰማቱ በፊት አድማጩን ከፋፍሎታል። የሮክ አድማጭ ለብቻ፣ የአር ኤንድ ቢ አድማጭ ለብቻ። ይህ ክፍፍል ደግሞ ከሙዚቃው ዓይነት ብቻ የመጣ አይደለም። ቢልቦርድ መጽሔት እስከ 1949 ድረስ የጥቁሮችን ሙዚቃ «የዘር ሪከርዶች» በሚል ሠንጠረዥ ለይቶ ያወጣ ነበር፤ ያ ሠንጠረዥ ነው ስሙ ተቀይሮ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» የተባለው። ሮክን ከመሠረቱት መካከል እነ ቸክ ቤሪና ሊትል ሪቻርድ ቢኖሩም፣ በ1985 የሊቪንግ ከለሩ ጊታሪስት ቨርነን ሪድና ጓደኞቹ ኒው ዮርክ ላይ የጥቁር ሮክ ሙዚቀኞች ኅብረት እስከማቋቋም ደርሰዋል። ሮክ የሚጫወት ጥቁር ሙዚቀኛን ሬዲዮም ኩባንያም የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባው ነበር። ዩ ቱን ሰምቶ ያደገው የኢትዮጵያ ስደተኛ ልጅ የገባው እዚህ የቆየ አጥር መካከል ነው። ከጉንጩ ማነስ በፊት መደርደሪያው ነበረ።

ሁለተኛው አልበሙ በ2007 በስታር ትራክና በኢንተርስኮፕ ኩባንያዎች በኩል ወጣ፤ ስሙ «ሜክ ሹር ዜይ ሲ ማይ ፌስ»። ቻድ ሁጎ በዚህም አብሮት ነበር። ይኸኛው ይበልጥ የተከፈተ፣ ለትልቅ መድረክ የታሰበ ሥራ ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን የመጀመሪያው ያለው እንግዳነት ትንሽ ቀንሶበታል። ከዚሁ አልበም «ሴይ ጉድባይ ቱ ላቭ» ለ2009 የግራሚ ሽልማት ታጨ። ዘርፉ ግን ሮክ አልነበረም፤ «ከተሜ አማራጭ» ብለን ልንመልሰው በምንችለው ክፍል ነው የገባው። «ከተሜ» የሚለው ቃል በአሜሪካ የሙዚቃ ንግድ ውስጥ የጥቁሮችን ሙዚቃ ለማለት የሚያገለግል ነበር። አብራው የታጨች ሌላ ልዩ ሙዚቀኛ ነበረች፣ ጃኔል ሞኔ። ሽልማቱን ክሪሴት ሚሼልና ዊል አይ አም ወሰዱ።

(የነፋስ ድምፅ፤ የእግር ኮቴ በጠጠር ላይ)

ከዚያ ኬና ለጊዜው ከስቱዲዮ ርቆ ተራራ ወጣ። ነገሩ የሚጀምረው ከአባቱ ነው፤ በልጅነታቸው ኢትዮጵያ ሳሉ በተበከለ ውኃ ታመው ያውቁ ነበርና በአገራቸው የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ይመኙ ነበር። ልጃቸው ይህን ሲሰማ ዝነኞችን አሰባስቦ 5,895 ሜትር ከፍታ ወዳለው ኪሊማንጃሮ ለመውጣትና የንጹሕ ውኃን ጉዳይ በካሜራ ፊት ለማንሣት ተነሣ። ጥር 2010 ላይ ተዋናይት ጄሲካ ቢል፣ ራፐሩ ሉፔ ፊያስኮና ተዋናዩ ኤሚል ሂርሽ አብረውት ወጡ፤ ጉዞውንም ኤም ቲ ቪ በዘጋቢ ፊልም አሳየው። በቴሌቪዥን የተፈጠረ በጎ አድራጎት ብሎ የሚያጣጥል አይጠፋም። ግን አንድ አባት በቤታቸው ያጫወቱት ጉዳይ እዚያ መድረሱ ቀላል አይደለም።

ወደ ሙዚቃ ሲመለስ ረጅም አልበም ይዞ አልመጣም። «ላንድ ቱ ኤር ክሮኒክልስ» በሚል ርእስ አጫጭር ሥራዎችን በተከታታይ ማውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያው በ2011፣ ሁለተኛው በ2013። ኪቦርዱ እንደተለመደው ከባድ ነው፤ ድምፁም ከፍ ብሎ ይለምናል። በዚያው 2011 የግራሚ አዘጋጆች የሽልማት ዘርፎቻቸውን ከ109 ወደ 78 ዝቅ አደረጉ። ከተሰረዙት አንዱ ኬና የታጨበት ክፍል ነበር።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ይቋረጣል)