ካንዴላውን ከመቀየራችን በፊት



ለዒድ ወይም ለክረምት ወደ ሰቆጣና አካባቢው ስንገባ ብዙዎቻችን የዘመድ ሞተር ሳይክል እንዋሳለን። የሰው ንብረት ደግሞ አማና ነው። ወደ ፃግብጂ ስንጓዝ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ቢጠፋብን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ካንዴላውን ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ስህተቱ አሮጌውን ሳያዩ አዲስ ገዝቶ መግጠም ነው። ያጠቆረው ምክንያት ካልተነካ አዲሱም በጥቂት ቀን ይጠቁራል።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ከታገልነው ጥርሱ ይበላና የካንዴላ ወጪ የቴስታታ ወጪ ይሆናል። ገመዱን ሳይሆን ቆቡን ይዘን እንንቀል። ከመፍታታችን በፊት ዙሪያውን ከአቧራ እናጽዳ፤ በቀዳዳው የገባ አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቃል።

አሁን ጫፉን እንየው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ሞተሩ በደንብ እያቃጠለ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። በደጋው በብዛት መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጣሪያውን እናጽዳ፣ ካልተሻለው ካርቡሬተሩን መካኒክ ያስተካክለው። ለደጋ የተስተካከለውን ይዞ ወደ ተከዜ ቆላ መውረድም የራሱ ጣጣ አለው፦ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይግላል፣ የካንዴላው ጫፍም ይነጣል።

ጫፉ በዘይት ከረጠበ ነገሩ ሌላ ነው። ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ የሚያቃጥል ሞተር ካልሆነ በቀር የፒስተኑ ፋሻ ሳያልቅ አይቀርም፤ ካንዴላ መቀየር ይህን አያድነውም።

ጫፉ ተበልቶ ከዶለዶመ ግን መቀየር ግድ ነው። የምንገዛው በአሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለውን ነው፤ ርዝመቱ ከበለጠ ፒስተኑ ሊመታው ይችላል። (አንዳንድ የባጃጅ ሞተሮች ሁለት ወይም ሦስት ካንዴላ አላቸው፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ መገረም የተለመደ ነው!) የጫፉ ክፍተት በብዙዎቹ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛው መጠን በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ።

ስንገጥም ቁልፍ አንንካ። እስከ መጨረሻው በጣታችን እናዙረው፤ ከጠነከረብን ጥርሱን ስቷልና ፈትተን እንደገና እንጀምር። ቀለበቱ ከተቀመጠ በኋላ አዲሱን ካንዴላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል እናጥብቅ። ያገለገለውን ከሆነ የምንመልሰው፣ የሰዓት ቆጣሪ ከአንድ ቁጥር ወደ ቀጣዩ የሚሄደውን ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ቆቡን በደንብ ገፍተን እናስነሳ።