የወላይታ የገጠር አጥቢያ፦ ጸሎት ቤቱን ማን አቆመው?

በወላይታ ገጠር፣ የእንሰትና የቡና ጓሮ በከበባቸው መንደሮች መካከል፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤት ማየት የተለመደ ነው። ስለ እነዚህ አጥቢያዎች ሲወራ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሚሲዮናውያን ይጀምራል፤ ሐኪሙ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ሕዝቡም አመነ ይባላል። ይህ አነጋገር ዋናውን ነገር ይጋርደዋል። የወላይታን አጥቢያ ያቆመው ደመወዝ የማይከፈላቸው የሰፈር ሽማግሌዎችና እርስ በርስ የተሸካከመ የገበሬ ማኅበር ነው። ማስረጃውም ሚሲዮናውያኑ ባልነበሩባቸው ዓመታት የሆነው ነው።

በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ደቡብ የወረዱት በ1920 ዓ.ም ነው። ሶዶ አጠገብ ተቀመጡ፣ ሕክምና ጀመሩ፣ ቋንቋውን ተማሩ። ፍሬው ግን ዘገየ፤ የመጀመሪያዎቹ ወላይታዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም ነበር። ጣሊያን አገሪቱን ወርሮ በ1929 ዓ.ም የመጨረሻዎቹን ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የቀረው በቋንቋቸው የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው። ገንዘብ የሚልክላቸው፣ ከሹም ፊት የሚቆምላቸው የውጭ ሰው አልነበረም። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ፣ እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የአማኞቹ ቁጥር 10,000 ገደማ ደርሶ እንዳገኙት የራሳቸው ጽሑፎች ይመሰክራሉ። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግማሹን እንኳ ብንቀንስለት ጥያቄው አይቀልም።

መልሱን በአጥቢያው አኗኗር ውስጥ እናገኘዋለን። የታሰረ ሰው ቀለቡን ከቤቱ በሚጠብቅበት በዚያ ዘመን አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ምግቡም ተርፎ ዘመድ ለሌላቸው ሌሎች እስረኞች ይደርስ እንደነበር ይተረካል። ዘመድ ዘመዱን መመገቡ ለማንም አዲስ አይደለም። የሥጋ ዝምድና የሌለው ሰው፣ ከሌላ ጎሳ የተወለደ፣ በየቀኑ ስንቅ ይዞ ወህኒ ደጃፍ መቆሙ ግን ጎረቤቱን ሁሉ አስደነቀ፤ ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ይህ ሰበከ። አጥቢያው የዝምድናን ግዴታ ከደም አውጥቶ ለእምነት ሰጠው። ሽማግሌዎቹም ከዚያው ከመንደሩ የተመረጡ፣ ትዳራቸውና እርሻቸው በሁሉ ዓይን የሚታይ ሰዎች ነበሩ። ለጥምቀት የቀረበውን ሰው የሚመረምሩት፣ የተጣሉትን የሚያስታርቁት፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱት እነሱው ናቸው። ጸሎት ቤቱ ራሱ በደቦ ከተቆረጠ እንጨትና ከታጨደ ሣር ይሠራ ስለነበር ቢያፈርሱት መልሶ ለመትከል የሕዝቡ ጉልበት ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለውን ማኅበር መሪውን በማሰር መበተን አይቻልም።

ከዚህም አልፎ እነዚህ ድሃ ገበሬዎች ወደ ሌላው ሕዝብ ሰው መላክ ጀመሩ። ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ ወረዱ። ቋንቋው ሌላ፣ ቆላው የወባ አገር ነበር። የሚደጉሟቸውም በአገር ቤት የቀሩት አጥቢያዎች ናቸው። አስራትና መባ የሚሰበሰብበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከጋሞ የተነሣው ኤሳ ላሌ መሥዋዕቱን ትታችሁ ፈጣሪን፣ ጦሳን ብቻ አምልኩ እያለ ቀድሞ ሰብኮ ነበር። በ1887 ዓ.ም ወላይታ በምኒልክ ጦር ከተያዘ ወዲህ የመጣው የገባር ሥርዓትም የቀድሞውን ማኅበራዊ ኑሮ አናግቶት ነበር። ይህ ሁሉ ሰዎች ለምን እንደሰሙ ያስረዳል፤ ስደት ሲመጣ ለምን እንዳልተበተኑ ግን አያስረዳም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ አጥቢያው ሰውን ከዘመዱ ለይቷል ይላሉ። በመሥዋዕቱ ድግስ የማይቀመጥ፣ ጠላ የማይቀምስ ሰው ከወንድሙ ጋር መጋጨቱ አይቀርም ነበርና ነቀፋው መሠረት አለው። ቢሆንም ከአንዱ ማዕድ የተነሣውን ሰው ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሌላ ማዕድ ባይኖር ኖሮ መለየቱ ብቻውን ማንንም አያቆይም ነበር። ሦስተኛው ትችት ግን የእኔም ነው። ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው። ስንቁን ያበሰሉት፣ በአብዛኛውም ተሸክመው ወህኒ ያደረሱት ሴቶች ሆነው ሳለ በታሪኩ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይገኝም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በደርግ ዘመን በወላይታ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተሰብስበዋል፤ ያኔም አጥቢያውን ያቆየው ያው የሽማግሌና የጎረቤት ሥርዓት ነው። ዛሬ ሕንጻው በብሎኬት ይሠራል፣ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ይፈልሳል። የጣሊያን ዘመን ምስክሮች ከእኛ ጋር ያሉት ጥቂት ናቸው። በአጥቢያችሁ አረጋዊት እናት ካሉ፣ ስንቁን ማን እንዳበሰለና ማን እንዳደረሰ ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉት።